ይቆረጥ ወይስ ይነስ? ፎቶን በተሰጠ ልክ ለማስገባት

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ከዓለም ገና እስከ ለገጣፎ፣ በየመንገዱ ዳር «ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔሽን፣ ጉርድ ፎቶ» የሚል ጽሑፍ የለጠፈ ቤት አይጠፋም። ወደነዚህ ቤቶች የሚመጣው ሥራ መልኩ ቢለያይም ችግሩ አንድ ነው፦ ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አለ፣ የተወሰነ ልክ አለ፣ ሁለቱ አይገጥሙም። ልኩ 3 በ 4 ጉርድ ሊሆን ይችላል፤ ለቪዛ ማመልከቻ 600 በ 600 ፒክስል (ፒክስል ምስሉ የተሠራበት ነጥብ ነው)፣ ለአልበም 10 በ 15 ሴንቲሜትር፣ ለሱቅ ባነር 3 ሜትር በ 1 ሜትር ሊሆንም ይችላል።

መንገዱ ሁለት ነው። ክሮፕ ጠርዝ ቆርጦ ይጥላል፤ የተረፈው ፒክስል ግን እንደነበረ ይቆያል። ሪሳይዝ ከፎቶው ምንም አይጥልም፤ ይልቁንም ሁሉንም ፒክስል አስልቶ በሌላ ቁጥር እንደገና ይጽፈዋል። ቅርጹ ካልገጠመ የሚያስፈልገው መቁረጥ ነው፤ ቅርጹ ገጥሞ የፒክስሉ ብዛት ካልገጠመ ሪሳይዝ ነው። ፊት የተንጋደደበትና ጽሑፍ የደበዘዘበት ፎቶ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ አንዱ የሌላውን ሥራ እንዲሠራ ተገዶ የተበላሸ ነው።

ከመንካት በፊት ማካፈል

ፎቶሾፕ ከመክፈታችሁ በፊት ካልኩሌተር አንሱ። የፎቶውን ረጅም ጎን ለአጭሩ አካፍሉ፤ የተጠየቀውንም ልክ እንዲሁ። ሁለቱ ውጤቶች እኩል ከሆኑ ምንም አትቁረጡ፣ ሪሳይዝ ይበቃል። ከተለያዩ ሪሳይዝ ብቻውን አያወጣችሁም።

አብዛኛው የስልክ ካሜራ 4 ለ 3 ነው የሚያነሳው። 12 ሜጋፒክስል ከሆነ 4000 በ 3000 አካባቢ ይሰጣል፤ ሲካፈል 1.33። ፎቶ ቤቶች የሚይዙት ዲኤስኤልአር (ሌንሱ የሚቀያየር ትልቁ ካሜራ) በብዛት 3 ለ 2 ነው፤ 24 ሜጋፒክስሉ 6000 በ 4000፣ ሲካፈል 1.5። የ10 በ 15 ወረቀት 1.5 ስለሆነ የዲኤስኤልአሩ ፎቶ ሳይቆረጥ ይገባበታል፤ ከስልኩ ፎቶ ግን 11 በመቶ ገደማ ይሄዳል። 13 በ 18 ወረቀት ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ ከስልክ ፎቶ የሚቆረጠው 4 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን ከዲኤስኤልአሩ 8 በመቶ ገደማ ነው። በስልክ ያነሳውን ሊያሳትም የመጣ ሰው ልኩን ራሱ መምረጥ የሚችል ከሆነ 13 በ 18 ብትሉት ትጠቅሙታላችሁ፤ ሰው ግን ልማድ ሆኖበት 10 በ 15 ይላል። ካሬ ሲጠየቅ ከስልኩ ፎቶ ሩቡ፣ ከዲኤስኤልአሩ ሲሶው ይወድቃል። ይህን ለደንበኛው ከመቁረጣችሁ በፊት ንገሩት፣ ከታተመ በኋላ አይደለም።

ብዙ ስልኮች ካሜራቸው ላይ 16 ለ 9 የሚል ምርጫ አላቸው። ስክሪኑን ሞልቶ ስለሚታይ ሰው ይወደዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከ4 ለ 3 ምስል በረጃጅም ጎኖቹ በኩል ተቆርጦ የወጣ ነው። ለኅትመት ወይም ለጉርድ የሚነሳ ፎቶ ከሆነ 4 ለ 3 ላይ መልሱት። አንዴ ስልኩ የቆረጠውን ማንም አይመልሰውም።

ሳይቆርጡ መወጠርስ? 4 ለ 3 የሆነውን በግድ 10 በ 15 ማድረግ ፎቶውን በአንድ ጎን 12.5 በመቶ መለጠጥ ነው። በቆመ ፎቶ ሰውየው ቀጥኖ ይረዝማል፣ በተጋደመ ፎቶ ጉንጩ ይሰፋል። 2 በመቶ ያህል ቢሆን ማንም አያስተውለውም። ከዚያ በላይ ግን ፊት ላይ መወጠር የለበትም። በፎቶሾፕም ሆነ በጊምፕ የመጠን መስኮት ውስጥ በወርድና በቁመት መካከል ያለችውን የሰንሰለት ምልክት አትፍቱ፤ ኢርፋንቪው የተባለው ቀላል ፕሮግራም ላይ ደግሞ «ፕሪዘርቭ አስፔክት ሬሾ» የሚለው ምልክት እንደተደረገበት ይቆይ። የተንጋደደ ጉርድ ሁሉ ይህች ሰንሰለት የተፈታችበት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጉርድ ፎቶ

3 በ 4 ሴንቲሜትር በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ወረቀት ላይ የሚያርፍ የፒክስል ብዛት) 354 በ 472 ፒክስል ይሆናል። በጣም ትንሽ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ጉርድ ላይ የፒክስል እጥረት እምብዛም አያጋጥምም። የሚያስቸግረው አቆራረጡ ነው።

በፎቶሾፕ የክሮፕ መሣሪያውን ከያዛችሁ በኋላ ከላይ ሁለት ዓይነት አሠራር ታገኛላችሁ። አንደኛው ሬሾ (የጎኖቹን ንጽጽር) ብቻ ይጠይቃል፤ 3 እና 4 ብላችሁ ትሞላላችሁ፣ ቅርጹን ይቆርጣል፣ ፒክስሉን አይነካም። ሁለተኛው ወርድ፣ ቁመትና ሬዞሉሽን አንድ ላይ ይጠይቃል፤ 3 ሴንቲሜትር፣ 4 ሴንቲሜትር፣ 300 ብትሉት በአንድ ምት ቆርጦ ሪሳይዝም ያደርጋል። ለፈጣን ሥራ የሚመረጠው ሁለተኛው ነው፤ ግን አንድ ክፉ ጠባይ አለው። የከበባችሁት ቦታ 200 በ 267 ፒክስል ብቻ ቢሆን እንኳ ሳይጠይቅ ነፍቶ 354 በ 472 ያደርገዋል። ቁጥሩ ትክክል ይመስላል፣ የታተመው ግን ድብዝዝ ይላል። ፎቶው ከቡድን ፎቶ ውስጥ የሚወጣ ከሆነ መጀመሪያ በሬሾ ቁረጡ፣ «ኢሜጅ ሳይዝ» ከፍታችሁ የቀረውን ፒክስል እዩ፣ ከዚያ ወስኑ።

ደንበኛው 3 በ 4 አሠርቶ ሲያበቃ «ለሸንገን ነው» ብሎ ከተመለሰ 35 በ 45 ሚሊሜትር ያስፈልገዋል፤ በ300 ዲፒአይ 413 በ 531 ፒክስል። ሁለቱ ልኮች ሲታዩ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ ቅርጽ አይደሉም። 3 በ 4ን ወርዱ 35 ሚሊሜትር እስኪሆን ብታሳድጉት ቁመቱ 46.7 ይሆናል፤ ትርፉ መቆረጥ አለበት። ያም ሆኖ የፊቱ ልክ ላይገጥም ይችላል፤ ለሸንገን ከአገጭ እስከ አናት ከ32 እስከ 36 ሚሊሜትር ይፈለጋልና። ቀድሞ የተቆረጠውን ጉርድ ከመጎተት ወደ ዋናው ፎቶ ተመልሶ እንደ አዲስ መቁረጥ ነው። ዋናውን ፋይል አለማጥፋት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ስታነሱ ሰፋ አድርጋችሁ አንሱ። ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ትከሻንና ዙሪያውን ጨምሮ ማንሳት፣ ከዚያ መቁረጥ ይሻላል። ስልክን ፊት ላይ አስጠግቶ ማንሳት አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮን ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ይህን ክሮፕም ሪሳይዝም አያስተካክለውም።

በ10 በ 15 ወረቀት ላይ 3 በ 3 ሲደረደር 9 ጉርድ ይገባል፤ በወርዱ 1፣ በቁመቱ 3 ሴንቲሜትር ለመቁረጫ ይተርፋል። እዚህ ላይ ሥራውን የሚያበላሸው ፕሪንተሩ ነው። «ፊት ቱ ፔጅ» ከተመረጠ ሉሁን በሙሉ ያሳድገዋል ወይም ያሳንሰዋል፤ «ቦርደርለስ» ከሆነም ጠርዙ ነጭ እንዳይቀር ትንሽ ይነፋዋል። 3 ሴንቲሜትር ያላችሁት 3.1 ሆኖ ይወጣል። 100 በመቶ ላይ አድርጉ፣ የመጀመሪያውን ሉህ በማስመሪያ ለኩ።

ካሬው ቀላል፣ ጭንቅላቱ ከባድ

ለአሜሪካ ቪዛ የሚጫን ዲጂታል ፎቶ ካሬ መሆን አለበት፤ ከ600 በ 600 ፒክስል አያንስም፣ ከ1200 በ 1200 አይበልጥም፣ ጄፔግ ሆኖ ከ240 ኪሎባይት አይዘልም። ለዲቪ ሲጠየቅ የኖረውም ይኸው ነው። ካሬ ማድረግ ማንም ይችላል። ከባዱ ሌላው መስፈርት ነው፦ ከአገጭ ሥር እስከ አናት፣ ፀጉርን ጨምሮ፣ ያለው ቁመት ከምስሉ ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶ መሆን አለበት፤ የዓይን መስመር ደግሞ ከታች ሲለካ ከ56 እስከ 69 በመቶ ላይ።

ይህን በሪሳይዝ ለማስተካከል መሞከር ድካም ነው። ፎቶውን ብታሳንሱትም ብታሳድጉትም ጭንቅላቱ ከምስሉ ጋር አብሮ ያንሳል፣ አብሮ ያድጋል፤ በመቶኛው ንቅንቅ አይልም። መቶኛን የሚለውጠው አቆራረጥ ብቻ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ጭንቅላቱ ስንት ፒክስል እንደሆነ ለኩ፤ በየትኛውም ፕሮግራም የመምረጫ ሳጥን ከአገጭ እስከ ፀጉር ጫፍ ስትስቡ ቁጥሩ ይታያል። ያንን ለ0.6 አካፍሉ፤ የካሬው ጎን ይወጣል። 900 ፒክስል ከሆነ 900 ሲካፈል ለ0.6፣ 1500 ነው። 1500 በ 1500 ቁረጡ፣ ዓይኑ ከታች 930 ፒክስል አካባቢ ላይ እንዲውል ካሬውን ከፍ ዝቅ አድርጉ፣ ከዚያ ወደ 1200 ወይም ወደ 600 አሳንሱ። ጭንቅላቱ 300 ፒክስል ብቻ ከሆነ ደግሞ ካሬው 500 ይወጣል፤ ከ600 በታች ነው። ያኔ ነፍቶ 600 ከማድረስ ሌላ ፎቶ ማንሳት ይሻላል፤ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ፀጉሩ ጎፈሬ ከሆነ ወይም ከላይ የታሰረ ከሆነ እሱም ተለክቶ ስለሚገባ ካሬው ሰፋ ይላል። ከጭንቅላቱ በላይ ግድግዳ ካልተረፈ አቆራረጡ አይሳካም፤ ስለዚህ ሲነሳ ከአናት በላይ ቦታ ይተው።

ፋይሉ ከ240 ኪሎባይት ካለፈ ቶሎ ብላችሁ ፒክስሉን አትቀንሱ። መጀመሪያ የጄፔጉን ጥራት ወደ 85፣ ከዚያ ወደ 80 አውርዱ። አሁንም ካልገባ 1200ውን ወደ 800 አድርሱ። 1200 ላይ ተጣብቆ ጥራቱን 40 ማድረስ ፊቱ ላይ አራት ማዕዘን ነጠብጣብ ያመጣል። ዲፒአዩ 72 ይሁን 300 ለሚጫን ፎቶ ምንም አይለውጥም፤ 600 ፒክስል 600 ፒክስል ነው። ዲፒአይ ወረቀት ላይ ሲወርድ ብቻ ነው ትርጉም የሚኖረው።

በቴሌግራም የመጣ ፎቶ

ፎቶው ስንት ፒክስል እንደሆነ ሳታዩ ሥራ አትቀበሉ፤ በተለይ በቴሌግራም የመጣውን። ቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከን ምስል ብዙውን ጊዜ ረጅም ጎኑን ወደ 1280 ፒክስል ያወርደዋል፣ ጥራቱንም ይጨምቃል። 4000 በ 3000 የነበረው 1280 በ 960 ሆኖ ይደርሳችኋል። ማንም ሳይጠይቀው ሪሳይዝ ተደርጓል ማለት ነው። ከዚህ ላይ ስትቆርጡ ከድሃ ላይ መቀነስ ነው።

1280 በ 960 በ300 ዲፒአይ 10.8 በ 8.1 ሴንቲሜትር ይሞላል። 10 በ 15 ላይ ተቆርጦ ሲታተም 217 ዲፒአይ ገደማ ይሆናል፤ ይህ ያስኬዳል። 20 በ 30 ላይ ወደ 108 ይወርዳል፤ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ከሩቅ ያምራል፣ በእጅ ተይዞ ሲታይ ግን ልስልስነቱ ይጋለጣል። መፍትሔው ደንበኛው «እንደ ፋይል» ብሎ እንዲልክ ማድረግ ነው፤ በአባሪ ምልክቱ ገብቶ «ፋይል» የሚለውን መርጦ ፎቶውን ከዚያ ሲያያይዝ ሳይነካ ይደርሳል።

ቤትና ቦታ የሚያሻሽጡ ደላሎች ቴሌግራም ላይ ለሚለጥፉት ግን 1280 በቂ ነው። እዚያ ላይ ጥያቄው ምን ይቆረጥ ነው። የኤሌክትሪክ ምሰሶንና የጎረቤትን ቆርቆሮ ማስቀረት ማሳመር ነው፤ ከግቢው ፊት ያለውን ጭቃ መንገድ ማስቀረት ግን ገዢው በእግሩ ሲመጣ የሚያፈርሰው ነገር ነው።

ማሳደግ፦ የለቅሶ ፎቶ

በጣም የሚያስቸግረው ሥራ ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜም በችኮላ የሚመጣ ነው። ቤተሰብ ሰው ሞቶበት ከድሮ መታወቂያ ላይ የተላጠ አንድ ጉርድ ይዞ ይመጣል፤ የሚፈልገው 30 በ 40 ሴንቲሜትር ነው። ቅርጹ ይገጥማል፦ 3 በ 4 እና 30 በ 40 አንድ ሬሾ ናቸው፣ ስለዚህ መቁረጥ የለም። ጉዳዩ የብዛት ብቻ ነው።

ጉርዱን በስልክ አታንሱት፤ መስተዋት ባለው ጠፍጣፋ ስካነር በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጉት። 709 በ 945 ፒክስል ይሰጣል። 30 ሴንቲሜትር ላይ ሲዘረጋ 60 ዲፒአይ ነው። በ1200 ስካን ቢደረግ 1417 በ 1890፣ ማለትም 120 ዲፒአይ ይሆናል፤ ነገር ግን አብዛኛው አሮጌ የወረቀት ፎቶ ራሱ ከ300 ዲፒአይ ብዙ የማያልፍ ዝርዝር ስላለው ትርፉ የወረቀቱ ቅንጣትና ጭረት ነው። 600 ይበቃል። የማኅተም ቀለም ፊቱ ላይ ካረፈ ከማሳደጋችሁ በፊት አጽዱት፤ ካደገ በኋላ የሚጸዳው ቦታ ይበዛል።

ከዚያ በአንዴ ወደ ሁለት እጥፍ አሳድጉ። በፎቶሾፕ «ባይኪዩቢክ ስሙዘር» ወይም «ፕሪዘርቭ ዲቴይልስ 2.0» የተባለው ለዚህ ይስማማል። የምትጨምሩት ፒክስል ሁሉ በጎረቤቶቹ ግምት የተሞላ ነው፤ ዝርዝር አይወልድም፤ ስለዚህ ከሁለት እጥፍ አትለፉ። ሁለት እጥፉ 120 ዲፒአይ ያደርሳችኋል፤ ሳሎን ተሰቅሎ ወይም ድንኳን ውስጥ ቆሞ ከሁለት ሜትር ለሚታይ ፎቶ ይህ አያሳፍርም። ማት ወረቀት ምረጡ፤ የሚያንጸባርቀው ጉድለቱን ያጎላዋል።

በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚያጠሩ አፖች ፈታኝ ናቸው፤ ውጤታቸው ጥርት ያለ ነው። ነገር ግን ያላዩትን ዓይን፣ ያላዩትን ጥርስ ፈጥረው ነው የሚሞሉት። ትንሽ ፊት ላይ የሚወጣው ሰው የሟቹ ዘመድ የሚመስል ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ እናቱ በአንድ እይታ ታውቀዋለች። ከተጠቀማችሁ ከጥንቱ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ ለቤተሰቡ ሳታሳዩ አታትሙ። በበኩላችን ልስልሱን እንመርጣለን።

ሌላው አማራጭ አለማሳደግ ነው። ፎቶውን 15 በ 20 ብቻ አድርጋችሁ 30 በ 40 ወረቀት መሐል ላይ አስቀምጡት፤ ዙሪያው ነጭ ወይም ግራጫ ይሁን፣ ስሙና ዘመኑ ከሥር ይጻፍ። ልኩ ይሞላል፣ ጥራቱም አይሞትም።

የማይቆረጥ ፎቶ

ዙሪያውን ባዶ መተው ከክሮፕና ከሪሳይዝ ሌላ ሦስተኛ መንገድ ነው፤ በፎቶሾፕ «ካንቫስ ሳይዝ» ይባላል። የመልስ ፎቶ ላይ ሃያ ሰው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ተሰልፎ ከሆነና ካሬ ከተጠየቀ፣ ስትቆርጡ የሚወጡት ሰዎች አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጠርዝ ላይ የሚቆሙት ደግሞ አክስትና አጎት ናቸው። እንዲህ ያለውን በወርዱ ሪሳይዝ አድርጉ፣ ላይና ታቹን በነጭ ወይም የፎቶውን የደበዘዘ ቅጂ ከኋላ አድርጋችሁ ሙሉ።

«ኮንቴንት አዌር ስኬል» የሚባለው የፎቶሾፕ መሣሪያ፣ ሻይ አቪዳንና አሪኤል ሻሚር እ.ኤ.አ. በ2007 ካቀረቡት ዘዴ የመጣ ነው፤ ብዙ ነገር የሌለበትን ቦታ፣ ለምሳሌ ሰማይን ወይም ግድግዳን፣ በቀጭን መስመር እየመረጠ አውጥቶ ይጨምቃል። የእንጦጦ ተራራ ከኋላው የሚታይ አንድ ሰው ብቻ ያለበት ፎቶ ላይ ያምራል። ሰልፍ ላይ ግን ትከሻ ይሰብራል።

ማሳነስም ያበላሻል

ማሳነስ ምንም አይጎዳም የሚል እምነት አለ። የሚጎዳው ስሌቱ ሲሳሳት ነው። ከ4000 ወደ 600 ስትወርዱ እያንዳንዱ አዲስ ፒክስል 44 የሚያህሉ የድሮ ፒክስሎችን ይወክላል። «ኒረስት ኔበር» የተባለው ስሌት ከ44ቱ አንዱን ብቻ ወስዶ ሌላውን ይተዋል። የሐበሻ ቀሚስ ጥበብና የነጠላ ጥለት ላይ ውጤቱ ወዲያው ይታያል፦ ቀጥ ያለው መስመር ይሰባበራል፣ በቀሚሱ ላይ የሌለ የሞገድ ቅርጽ ይመጣል። «ባይኪዩቢክ ሻርፐር» ወይም ኢርፋንቪው ላይ «ላንቾስ» ስትመርጡ 44ቱን አመዛዝኖ ይጽፋል፤ ጥለቱ ለስላሳ ይሆናል እንጂ አይሰበርም።

ሌላው ተጎጂ ፊደላችን ነው። የላቲን ጽሑፍ ሲያንስ ቃሉን በግምት ማንበብ ይቻላል፤ በአማርኛ ግን «ሰ»ን ከ«ሱ»፣ «ለ»ን ከ«ሉ» የሚለየው አንዲት ቅጥያ ናት። ፖስተሩ ሲያንስ መጀመሪያ የምትጠፋው ቅጥያዋ ናት። የዕድር ማስታወቂያ ወይም የትምህርት ቤት ምዝገባ ለኤፎር ተሠርቶ ከዚያ ለቴሌግራም 1080 በ 1080 ሲጠየቅ፣ ምስሉን አትቀንሱት፤ አቀማመጡን እንደገና ሥሩት፣ ቃላቱን ቀንሱ፣ ፊደሉን አተልቁ። ኤፎር በ300 ዲፒአይ 2480 በ 3508 ነው፤ ቁመቱ ወደ 1080 ሲወርድ ሲሶ እንኳ አይሞላም። 12 ነጥብ የነበረው ጽሑፍ ከ4 ነጥብ ያነሰ ይሆናል።

ባነር

3 ሜትር በ 1 ሜትር የሱቅ ባነር 3 ለ 1 ነው። 4000 በ 3000 የስልክ ፎቶ ወደዚህ ቅርጽ ሲቆረጥ 4000 በ 1333 ይቀራል፤ ከግማሽ በላዩ ወደቀ። የቆመ ሰው ባነሩን እንዲሞላ አትጠብቁ፤ ወይ ወገቡ ላይ ይቆረጣል ወይ በአንድ ጎን ይቆማል። በአንድ ጎን ማቆሙ ነው የሚያዋጣው፣ ቀሪው ለስምና ለስልክ ቁጥር ይሁን።

4000 ፒክስል 3 ሜትር ላይ ሲዘረጋ በኢንች 34 ገደማ ነው። ይህን ሲሰማ የሚደነግጥ አለ፤ ነገር ግን ከ3 ሜትር ርቀት ጤነኛ ዓይን መለየት የሚችለው በኢንች 30 ፒክስል ያህል ነው። አስፋልት ማዶ ሆኖ ለሚያየው ሰው በቂ ነው። ማተሚያ ቤቱ 72 ከጠየቀ 8504 በ 2835 ይሆናል፤ ጽሑፉን በዚያ ልክ ሥሩ፣ ፎቶውን አብሮ ማሳደግ ጉዳት የለውም፣ ትርፍም የለውም። ጽሑፉ ከፎቶው ጋር ተዋሕዶ ጄፔግ እንዳይሆን ግን ተጠንቀቁ። ለየብቻ በፒዲኤፍ ይሂድ፤ ከመሄዱ በፊትም ፊደሉን ወደ ከርቭ (ወደ ተሳለ ቅርጽ) ለውጡት። ኒያላ ወይም ፓወር ግዕዝ የማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ የሱቁ ስም ሌላ ፊደል ሆኖ ወይም በባዶ አራት ማዕዘን ተሞልቶ ይወጣል።

ቅደም ተከተሉ

ሁለቱም በሚያስፈልጉበት ጊዜ መቁረጥ ይቀድማል። መጀመሪያ አሳንሳችሁ ከቆረጣችሁ የቀራችሁ ፒክስል ከሚፈለገው በታች ይወርድና መልሳችሁ ለመንፋት ትገደዳላችሁ፤ ሁለት ጊዜ የተሰላ ምስል ሁለት ጊዜ ይደበዝዛል። አዙሩ፣ አቃኑ፣ ቁረጡ፣ ቀለሙን አስተካክሉ፣ አንዴ ብቻ ሪሳይዝ አድርጉ፣ በመጨረሻ ጥቂት ሻርፕ (ጠርዝ ማጥራት)። ሻርፕ ከሪሳይዝ በፊት ከሆነ ሲያንስ ይጠፋል፣ ሲያድግ ደግሞ ጠርዝ ላይ ነጭ ክር ሆኖ ይወጣል።

ፎቶሾፕ ላይ «ዲሊት ክሮፕድ ፒክስልስ» የሚለውን ምልክት አንሱለት፤ የተቆረጠው ተደብቆ ይቆያል፣ ደንበኛው «ትንሽ ወደ ግራ» ሲል ትመልሱታላችሁ። ፋይሉን በፒኤስዲ (በፎቶሾፕ የራሱ የፋይል ዓይነት) አስቀምጡ፤ ጄፔግ ሆኖ ከወጣ የተደበቀው አይከተለውም። ዋናው ላይ ሳይሆን በአዲስ ስም ሴቭ አድርጉ፤ መብራት የሚጠፋው ሴቭ ሳይደረግ በፊት ነውና በየእርምጃው።

ኮምፒውተሩ ደካማ ከሆነ ኢርፋንቪው አብዛኛውን ይሠራል። ፕለጊን የሚባሉት ጭማሪዎቹ ከተጫኑለት ጄፔግን እንደገና ሳይጨምቅ የሚቆርጥበት ምርጫ አለው፤ ጄፔግ በ8 ወይም በ16 ፒክስል ሳጥን ስለሚጻፍ ግን መስመሩ እናንተ ካላችሁበት ጥቂት ሸርተት ብሎ ሊያርፍ ይችላል። ልኩ በፒክስል የተጠየቀ ከሆነ ይህን አትጠቀሙ።

በስልኩ ቀጥ ብሎ የሚታይ ፎቶ ድረ ገጽ ላይ ሲጫን ከተጋደመ፣ የተሽከረከረው ምስሉ ሳይሆን በፋይሉ ውስጥ ያለው የአቅጣጫ ማስታወሻ ነው። ምስሉን በፕሮግራም ከፍታችሁ እንደገና ሴቭ አድርጉት፤ ወርድና ቁመቱን የምትለኩትም ከዚያ በኋላ ይሁን።

የተቆረጠው የት ይሄዳል?

የፋይዳ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ፣ የልጅ ፊት የሚቆረጠው እንዳይታይ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ ፎቶ ከቆረጣችሁ የተጣለው ክፍል ፋይሉ ውስጥ አለ፤ ሰነዱን የተቀበለ ሰው ክሮፑን ጎትቶ ሊመልሰው ይችላል። «ኮምፕረስ ፒክቸርስ» ውስጥ ገብታችሁ የተቆረጠውን አጥፋ የሚለውን እስካልመረጣችሁ ድረስ ይቆያል። እዚያው መስኮት ውስጥ ፒክስሉን የሚቀንስ ምርጫም ስላለ ለኅትመት የሚሄድ ከሆነ ከፍተኛውን ምረጡ።

እ.ኤ.አ. በ2023 በጉግል ፒክስል ስልኮች የስክሪንሾት ማረሚያና በዊንዶውስ መቁረጫ ላይ እንዲህ ያለ ጉድለት ተገኝቶ ነበር፤ የተቆረጠው ምስል በአሮጌው ፋይል ላይ ሲጻፍ የአሮጌው ጭራ ሳይጠፋ ይቀር ስለነበር ከፊሉን ማውጣት ይቻል ነበር። ሁለቱም ታርመዋል፣ ከዚያ በፊት ተቆርጠው የተላኩት ግን እንደተላኩ ናቸው። ምስጢር ያለበትን ከቆረጣችሁ በኋላ በአዲስ ስም እንደ ጄፔግ አውጡት፣ ከዚያ የወጣውን ራሱን ከፍታችሁ ወርድና ቁመቱ መቀነሱን አረጋግጡ፤ የምትልኩትም እሱን ብቻ ይሁን።